የሟች ቤተሰብ የ911 ድምፅና የፖሊስ መዝገብ የሚጠይቀው እንዴት ነው? (ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ)

ዘመድ_ከታኮማ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ አባት ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ታመው ልጃቸው 911 ደውላ ነበር። አምቡላንስም ፖሊስም መጥቷል፤ ሕይወታቸው ግን አልተረፈም። ልጅቷ እንግሊዝኛ ስለማትደፍር ያወራችው በአማርኛ አስተርጓሚ በኩል ነው። ቤተሰቡ ክስ አላሰበም፤ ስልኩ ከተደወለ ጀምሮ የሆነውን ማወቅ ነው የሚፈልገው። የስልኩን ድምፅ፣ የፖሊሱን ሪፖርትና ካለም የቦዲ ካሜራውን (ፖሊሱ ደረቱ ላይ የሚያደርገውን) ቪዲዮ ከማን፣ በምን ወረቀት ነው የሚጠይቁት? ለቅሶው ገና 2 ሳምንቱ ነው። ታላቅ ልጃቸው ያለው አዲስ አበባ ነው።

የመዝገብ_ሰው

ነፍስ ይማር፣ ቤተሰቡን ያጽናልን። ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል፤ አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ መደረግ አለበት። «መዝገቡን አቆዩልን» የሚል አጭር ደብዳቤ በኢሜይል ይላክ። የ911 ድምፅ የሚቀዳበት ሥርዓት የማቆያ ጊዜው ሲያልቅ አሮጌውን በራሱ ያጠፋል፤ ማንም ሰው ወስኖ አይደለም። ጊዜው ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። «አርባው ይውጣና ቀልባችን ሲመለስ እንጠይቃለን» ሲባል ነው ድምፁ የሚጠፋው።

ደብዳቤው ላይ ቀንና ሰዓቱ፣ አድራሻው ከአፓርታማ ቁጥሩ ጋር፣ 911 የተደወለበት ስልክ ቁጥር፣ የሟች ሙሉ ስምና የልደት ቀን፣ የሚፈለጉት መዝገቦችም በየስማቸው ይጻፉ። ለሦስት ቦታ ነው የሚላከው፦ ለካውንቲው የድንገተኛ ጥሪ ማዕከል፣ ለፖሊስ መምሪያው እና አምቡላንሱን ላሰማራው የእሳትና ነፍስ አድን አገልግሎት። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የጥሪ ማዕከሉ በፖሊስ መምሪያው ሥር ነው፤ አምቡላንሱ ግን የሌላ መምሪያ ነው። አንዱ ለሌላው ያስተላልፍልናል ብላችሁ አትተኙ።

ይህ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። መልስ የመስጠት ግዴታና የቀን ገደብ የሚጀምረው የመረጃ ጥያቄው ሲገባ ነውና እሱም በዚያው ሳምንት ይግባ።

ካድ_አንባቢ

«ፖሊስ ሪፖርት ስጡን» ብሎ የጠየቀ ሰው አንድ ወይም ሁለት ገጽ ይሰጡትና ያ ብቻ ነው ያለው ብሎ ይመለሳል። በአንድ ሌሊት ጥሪ ላይ ግን ቢያንስ ሰባት ዓይነት መዝገብ አለ፤ እያንዳንዱን በስሙ ካልጠሩት አይወጣም።

የመጀመሪያው የስልኩ ድምፅ ነው። ሁለተኛውን ሰው አያውቀውም፦ የስልክ ሥርዓቱ መዝገብ። ስልኩ ማዕከሉ ዘንድ የደወለበትን ሰከንድ፣ የተነሳበትን ሰከንድ፣ ሳይነሳ የተቋረጠም ካለ እሱን ይይዛል። ሦስተኛው ካድ የሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ ነው፤ ጥሪ ተቀባዩ የጻፈው ማስታወሻና የእያንዳንዱ መኪና እንቅስቃሴ በሰዓት ተመዝግቦ ይገኝበታል። ካድ ግን የሚጀምረው ጥሪ ተቀባዩ ፋይል ሲከፍት ነው። ስለዚህ «ስልኩ ቶሎ አልተነሳም» የሚል ጥርጣሬ ካለ መልሱን ካድ ላይ አታገኙትም። በሙያው ማኅበር መስፈርት 90 በመቶው ጥሪ በ15 ሰከንድ ውስጥ መነሳት አለበት፤ ይህን ማመሳከር የሚቻለው በስልክ ሥርዓቱ መዝገብ ብቻ ነው።

አራተኛው የሬዲዮ ንግግሩ ነው፦ ማዕከሉ ከአምቡላንሱና ከፖሊሱ ጋር የተነጋገረው። አምስተኛው የቦዲ ካሜራ፣ ስድስተኛው የፖሊሱ ጽሑፍ ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ ሲሞት፣ በበሽታም ቢሆን፣ ፖሊስ አብዛኛውን ጊዜ የሞት ምርመራ ሪፖርት ይጽፋል። ሰባተኛው የአምቡላንስ ባለሙያዎቹ የሚሞሉት የታካሚ ሪፖርት ሲሆን እሱ የሕክምና ሰነድ ስለሆነ በሌላ ሕግ ነው የሚጠየቀው።

ካዱ እጃችሁ ሲገባ ሰዓቶቹን በተርታ አንብቡ፦ ጥሪው የገባበት፣ መኪና ለሚያሰማራው ሠራተኛ የተላለፈበት፣ መኪናው የታዘዘበት፣ የተንቀሳቀሰበት፣ የደረሰበት። አደራ የምለው የመጨረሻዋን ነው። «ደረሰ» ማለት መኪናው ሕንፃው በር ላይ ቆመ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ የተቆለፈ በር አስከፍተው፣ ሊፍት ጠብቀው፣ ስምንተኛ ፎቅ ወጥተው ታማሚው አጠገብ የደረሱበት ሰዓት ካድ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ያ ያለው የታካሚ ሪፖርቱ ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያደርጉ «በ6 ደቂቃ ደርሰዋል» ወይም «20 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል» ማለት አይቻልም።

አስተርጓሚ_ዲሲ

ከኛ ሰው የሚመጣ ጥያቄ «እንዲህ ያለ መዝገብ የለም» ተብሎ የሚመለስበት ትልቁ ምክንያት ሰዓት ነው። እናት «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይላሉ፤ ፎርም የሚሞላው ልጅ 8 ብሎ ይጽፋል። በአሜሪካ አቆጣጠር ግን 2:00 ኤኤም ነው። ቀኑም ይዛነፋል፤ «ማክሰኞ ሌሊት» ያልነው ለረቡዕ አጥቢያ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ረቡዕ ነው መግባት ያለበት። ማክሰኞ 8:00 ተብሎ የተፈለገ ጥሪ እንዴትም ቢሆን አይገኝም። የደወለችበትን ስልክ ከፍታችሁ የጥሪ ዝርዝሩን ስክሪንሾት አንሱና ሰዓቱን ከዚያ ውሰዱ፤ ስክሪንሾቱም ከጥያቄው ጋር ይያያዝ።

ሁለተኛው ስም ነው። የልጅቷ ላስት ኔም የአባቷ ስም ነው፤ የአባቷ ላስት ኔም ደግሞ የአያቷ። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ሁለቱን መታወቂያ ሲያይ ዝምድና አይታየውም። ደብዳቤው ውስጥ «በኢትዮጵያ ልማድ የልጅ የመጨረሻ ስም የአባት የመጀመሪያ ስም ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ከልደት የምስክር ወረቀቱ ትርጉም ጋር። ለኢሚግሬሽን ጉዳይ የቀረበ የተተረጎመ የልደት ካርድ ብዙ ቤት አለና ያው ይበቃል። ስሙ በፓስፖርት፣ በሜዲኬይድ ካርድና በሞት የምስክር ወረቀት ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ሁሉንም አጻጻፍ ዘርዝሩ። ገብረማርያምን አንዱ ጋ አንድ ቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት ቃል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ድምፁን በተመለከተ፦ አስተርጓሚ የገባበት ጥሪ ላይ ሦስት ድምፅ ነው የሚሰማው። ድምፁ ራሱ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ተገልብጦ ይሰጠን አትበሉ። መሥሪያ ቤት ያለውን መዝገብ ይሰጣል እንጂ አዲስ የመጻፍ ግዴታ የለበትም። ስትሰሙም የአማርኛውን ንግግር ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያዩ፤ ልጅቷ «ትንፋሽ አጠረው» ያለችው በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ እንደተላለፈ፣ አስተርጓሚው እስኪገናኝም ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ከድምፁ በቀር በትክክል የሚነግራችሁ ወረቀት የለም።

ዘመድ_ከታኮማ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰዓቱን እኛም እንደዚያው ነበር የጻፍነው፤ አስተካክለናል። ወደ ሕጉ ልመለስና፣ ሜሪላንድ ላይ ልጅ መሆኗ ብቻ ይበቃል ወይስ ሌላ ሥልጣን ያስፈልጋታል?

የመዝገብ_ሰው

ሁለቱን ለያቸው። በሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ ማንኛውም ሰው መጠየቅ ይችላል፤ ዜግነትም ነዋሪነትም አይጠየቅም፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድምም በስሙ መጠየቅ ይችላል። የምርመራ መዝገብ ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ «የመዝገቡ ባለጉዳይ» ለሚለው ሰው የተሻለ ቦታ ይሰጣል፤ እሱን መከልከል የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው 7 ምክንያቶች ብቻ ነው። ባለጉዳዩ መዝገቡ ስለሱ የተጻፈለት ሰው ነው። እሱ ሲሞት በስሙ ለመቆም የሚያጠነክረው ወረቀት ከካውንቲው ሬጂስተር ኦፍ ዊልስ (የውርስ መዝገብ ቢሮ) የሚወጣው የውርስ አስተዳዳሪነት ሹመት ነው። ንብረቱ ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ (ብቸኛ ወራሽ የትዳር ጓደኛ ከሆነች ከ100,000) የሚኬደው በአነስተኛ ውርስ መንገድ ነው፤ ቀላል ነው።

ይኸው ወረቀት የአምቡላንሱን ሪፖርት ያስገኝላችኋል። ሂፓ የሚባለው የፌዴራል የጤና መረጃ ሕግ ሰው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቀዋል፤ በሟች ቦታ ገብቶ የመጠየቅ መብት ያለው ደግሞ የውርስ አስተዳዳሪው ነው። ጥያቄው በገባ በ30 ቀን መልስ መስጠት አለባቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ 30 ቀን ማራዘም ይችላሉ። ስታስታምም የነበረች ልጅ ያለ ሹመትም ከሕመሙ ጋር የተያያዘ መረጃ ሊሰጧት ይፈቀድላቸዋል፤ ይህ ግን ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ሹመቱን አውጡ።

ለሌላው መዝገብ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት ወይም መከልከል አለበት። ከ10 የሥራ ቀን በላይ የሚወስድበት ከሆነ በዚያው 10 ቀን ውስጥ ለምን እንደዘገየ፣ ምን ያህል እንደሚፈጅና ስንት እንደሚያስከፍል በጽሑፍ ያሳውቃል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት የፍለጋ ሥራ በነፃ ነው። ለአንድ ጥሪ ቁልጭ ያለ ሰዓትና አድራሻ የሰጠ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም፤ «በ2023 እና 2024 ከዚህ ቤት የተደወለው ሁሉ» ያለ ግን ክፍያ ይመጣበታል።

ካድ_አንባቢ

አንድ ነገር ልጨምር። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ዲሲ ድንበር ላይ ናቸው፤ ላንግሊ ፓርክ ደግሞ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። የሞባይል ጥሪ ምልክቱን የያዘው አንቴና ወደሚያመራበት ማዕከል ሊሄድ ስለሚችል ጥሪው መጀመሪያ ጎረቤት ማዕከል ገብቶ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይቀዳሉ። የሞንትጎመሪው ድምፅ «እዚህ የተላለፈ ጥሪ አለኝ» በሚል የሌላ ማዕከል ሠራተኛ ድምፅ ከጀመረ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያሉት ሌላ ቦታ ነው፤ ለዚያኛውም ለብቻው ጠይቁ። ዲሲ ከሆነ ማዕከሉ ኦፊስ ኦፍ ዩኒፋይድ ኮሙኒኬሽንስ ነው እንጂ ፖሊስ አይደለም። ፖሊስ ጋ ቢገባ «እኛ የለንም» ተብሎ ይመለሳል፤ እውነታቸውንም ነው።

ሰላማዊት_ፔትዎርዝ

ስለ ዲሲ የምትጠይቁ ካላችሁ፦ ፎያው (የመረጃ ጥያቄው) በ15 የሥራ ቀን መመለስ አለበት፣ በ10 የሥራ ቀን ሊራዘም ይችላል። የቦዲ ካሜራ ጥያቄ ግን 25 የሥራ ቀን ነው፣ በ15 ሊራዘም ይችላል፤ ፊትና ቤት መሸፈን ስላለበት ነው። ካሜራው ላይ ያለው ቪዲዮ ለምርመራ ካልተፈለገ መደበኛ የማቆያ ጊዜው 90 ቀን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ስታዩ በሁለተኛው ወር የጠየቀ ሰው ምን ያህል ጠባብ በር እንደቀረው ይገባችኋል። ቀኑ ካለፈና መልስ ከሌለ እንደተከለከለ ይቆጠራል፤ ለከንቲባው በጽሑፍ ይግባኝ ማለት ወይም ቀጥታ የዲሲው ፍርድ ቤት (ሱፒሪየር ኮርት) መሄድ ይቻላል።

ሞቱ በፖሊስ እጅ የደረሰ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በዲሲ ሕግ ቪዲዮው በ5 የሥራ ቀን ለሕዝብ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት የቅርብ ቤተሰብ ይማከራል፣ እንዳይወጣ የመቃወም መብትም አለው። በሜሪላንድ ደግሞ ከጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፖሊስ እጅ ያለበትን ሞት የሚመረምረው በዐቃቤ ሕጉ ሥር ያለ ራሱን የቻለ ክፍል ነውና ቤተሰቡ የሚያናግረው የአካባቢውን ፖሊስ ሳይሆን እሱን ነው።

ዲሲ ውስጥ አማርኛ ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ በስልክም በመስኮትም አስተርጓሚ ጠይቁ። ጥያቄው ራሱ ግን በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይፈጥናል።

ጋሽ_አርሊንግተን

ለቨርጂኒያ ልጆች ልጻፍ። እዚህ ሕጉ መብቱን የሰጠው ለቨርጂኒያ ሰው ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2013 ይህን አጽንቷል። ሟቹ አሌክሳንድሪያ ኖረው ጠያቂው ልጅ ሜሪላንድ ከሆነ፣ ቨርጂኒያ ያለ እኅት ወይም አጎት በስሙና በሕጋዊ አድራሻው ይጠይቅ። መልሱ በ5 የሥራ ቀን ነው፣ ሲራዘም 7 ይጨመራል፤ ለወንጀል ምርመራ ፋይል ግን እስከ 60 የሥራ ቀን ሊጨመር ይችላል። ክፍያው ከ200 ዶላር ይበልጣል ብለው ከገመቱ አስቀድማችሁ እንድትከፍሉ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ጥሩው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ምርመራው የተዘጋ ከሆነና የተጎዳው ሰው ከሞተ፣ ፋይሉ ለቅርብ ቤተሰቡ መሰጠት አለበት፣ ጠያቂው ራሱ የተጠረጠረ እስካልሆነ ድረስ። ደብዳቤው ላይ ዝምድናውን፣ የምርመራው መዘጋት የተነገራችሁበትን ቀንና የኬዝ ቁጥሩን ጻፉ። «ክፍት ነው» ካሏችሁ ማን እንደያዘው ጠይቃችሁ በየጊዜው ተከታተሉ። የመኪና አደጋ ከሆነ የአደጋው ሪፖርት በሌላ መስመር ነው የሚወጣው፤ ከዚህ ጋር አታደባልቁት።

አስቴር_ቢ

ክስ ላላሰበ ቤተሰብም ቢሆን የምለው አለ። መዝገብ እየጠበቃችሁ የሕግ ቀን አይለፍባችሁ። የዲሲን መንግሥት በኃላፊነት ለመጠየቅ ጉዳቱ በደረሰ በ6 ወር ውስጥ ለከንቲባው የጽሑፍ ማሳወቂያ ያስፈልጋል። በቨርጂኒያም ለከተማ ወይም ለካውንቲ 6 ወር ነው። በሜሪላንድ ለአካባቢ መንግሥት 1 ዓመት ነው። ማሳወቂያ መላክ መክሰስ አይደለም፤ በሩ ክፍት እንዲቆይ ነው። መዝገቡን ለመጠየቅ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ይህችን ማሳወቂያ ግን ጠበቃ ቢያያት ጥሩ ነው።

ዘመድ_ከታኮማ

ይህን አላሰብነውም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ልጅቷ ደዋይዋ ስለሆነች ፈቃድ ያስፈልጋታል? ጥያቄው በታላቅ ወንድሟ ስም ቢገባስ?

የመዝገብ_ሰው

ደዋይዋ በሕይወት ስላለች ድምፁ የሷም ነው። በሷ ስም ቢጠየቅ ነው የሚሻለው፤ ደዋይም ልጅም ነች። በወንድሟ ስም ከሆነ «ድምፄ ለወንድሜ ይሰጥ» የሚል የፈረመችበት ደብዳቤና የመታወቂያዋ ኮፒ ይያያዝ። ጎረቤት ደውሎ ከሆነ ከጎረቤቱም ተመሳሳይ ወረቀት ውሰዱ፤ እሱ ከሌለ ስሙን፣ ቁጥሩንና ድምፁን ሊሸፍኑት ይችላሉ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ የውርስ አስተዳዳሪ ለመሆን ካልፈለገ በቀር ከሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ለማውጣት አትሩጡ።

ጥያቄው ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ (በእንግሊዝኛ)፦ «በዚህ ቀን ከ1:45 እስከ 3:30 ኤኤም፣ በዚህ አድራሻ ለደረሰው የሕክምና ጥሪ፦ የ911 ድምፅ የተላለፈውንና መልሶ የተደወለውን ጨምሮ፤ የስልክ ሥርዓቱ መዝገብ፤ ሙሉ የካድ ዝርዝር ከማስታወሻዎቹ ጋር፤ የሬዲዮ ንግግር፤ የሁሉም ፖሊሶች ቦዲ ካሜራ፤ የፖሊስ ሪፖርት ከተጨማሪ ገጾቹ ጋር። የሚከለከል ክፍል ካለ የሕጉ አንቀጽ ተጠቅሶ ቀሪው ይላክልን።» የሰዓቱን ክልል ከጥሪው በፊት 15 ደቂቃ ስጡት፤ ቀድሞ የተቋረጠ ጥሪ ካለ እዚያ ውስጥ ይገባል። ድምፁ በዌቭ ወይም በኤምፒ3 እንዲሆንም ጻፉ፤ አለበለዚያ ያለ ልዩ ፕሮግራም የማይከፈት ፋይል ሊመጣ ይችላል።

ከከለከሉ ወይም የሸፈኑት ከበዛ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለሕዝብ መረጃ እንባ ጠባቂው ማመልከት ይቻላል፤ በነፃ ነው፣ በኢሜይል ያስማማል። ወደ ሕዝብ መረጃ ሕጉ ቦርድ ለመሄድም መጀመሪያ እሱ ጋ መሞከር ግዴታ ነው።

አስተርጓሚ_ዲሲ

ፋይሉ ሲመጣ ሊንኩ ቀን ያልፍበታልና ያኔውኑ አውርዱት። ዋናውን ሳትነኩ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ የምትሰሙት ኮፒውን ይሁን። በቫይበር ወይም በዋትስአፕ አትበትኑት። መጀመሪያ የሚሰማው የልቅሶው ሰው ያልሆነ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ዘመድ ይሁንና የእያንዳንዱን ንግግር ደቂቃና ሰከንድ ይጻፍ። ልጅቷ የራሷን ጩኸትና የአባቷን የመጨረሻ ትንፋሽ ሳትዘጋጅ እንዳትሰማ፤ መስማት ከፈለገች አጠገቧ ሰው ተቀምጦ፣ የትኛው ደቂቃ ላይ ምን እንዳለ ቀድሞ ተነግሯት ይሁን። እናትየው ካልጠየቁ አታሰሟቸው።

ካድ_አንባቢ

የካዱ ሰዓትና የድምፅ መቅጃው ሰዓት በጥቂት ሰከንድ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያ ብቻውን የተነካካ መዝገብ ነው አያሰኝም። ጥሪው በኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓት በሚመለስበት ሌሊት ከሆነ ደግሞ ከ1:00 እስከ 2:00 ኤኤም ያለው ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ሁለቱንም እንዲፈልጉ ጻፉላቸው። ካዱ ሲደርሳችሁ ስም፣ ስልክና አድራሻ አጥፍታችሁ እዚህ ለጥፉት፤ አኅጽሮቶቹን አብረን እናነባቸዋለን።